የገዛ ቪዲዮህን ለማየት 0.99 ዶላር፦ የኮዴክ ፓተንት ጠብ ሲብራራ

ሐዋሳ ውስጥ ሰርግ የሚቀርጹና ኤዲት የሚያደርጉ ልጆች ይህን ያውቁታል። የሙሽራው ጓደኛ በአይፎን የቀረጸውን ይዞ ይመጣል፤ "ይሄም ይግባልኝ" ይላል። ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ይገለበጣል። ሲከፈት ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም። ወይም ዊንዶውስ አንድ ማሟያ ግዛ ይላል። ዋጋው 0.99 ዶላር ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ሰው ደግሞ አንድ ዶላርም መቶ ዶላርም ያው ነው።

አብዛኛው ሰው ቪኤልሲ የተባለውን ነጻ የቪዲዮ ማጫወቻ ጭኖ ይገላገላል። ጥያቄው ግን አለ። የገዛ ስልካችን የቀረጸውን ለማየት ማነው ገንዘብ የሚጠይቀን? ቶሎ የሚወቀሰው ማይክሮሶፍት ነው። እሱ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ብዙዎቹ ከፋይ ነው። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ቪዲዮን በሚያሳንሱ ብልሃቶች ላይ ትልልቅ ኩባንያዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲካሰሱ ኖረዋል። እስኪ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

መጀመሪያ ሒሳቡ። ሙሽሮቹ አሞራ ገደል ሐይቁን ከጀርባ አድርገው ቆመዋል እንበል። ካሜራው ፉል ኤችዲ ይቀርጻል። አንዷ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ናት፤ ከ2 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመያዝ 3 ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ አንዷ ምስል ብቻ 6 ሜጋባይት ትሆናለች። በሰከንድ 25 ምስል አለ፤ 155 ሜጋባይት ደረሰ። በደቂቃ 9 ጊጋ አለፈ። የአንድ ሰዓት ሰርግ 560 ጊጋባይት ገደማ ይወጣዋል። ይህን በቴሌግራም መላክ ቀርቶ በፍላሽ መስጠትም አይታሰብ።

ኮዴክ የሚባለው አሠራር ያንን የ9 ጊጋ ደቂቃ ለኢንተርኔት ሲያዘጋጀው ወደ 40 ሜጋባይት ያወርደዋል። እንዴት? አንዱ መንገድ መደጋገምን ማስቀረት ነው። ሐይቁ በዚህ ምስልም በሚቀጥለውም ያው ሐይቅ ነው። ኮዴኩ ደግሞ ደጋግሞ አይጽፈውም፤ "ከቀድሞው ውሰድ" ብሎ ያልፋል። ሙሽራዋ እጇን ስታነሳ ምስሉን እንደ አዲስ አይስልም። እጇ ያለበትን ቁራጭ ከቀደመው ምስል ይወስድና ይህን ያህል ወደ ላይ፣ ይህን ያህል ወደ ቀኝ አንቀሳቅሰው ይላል። ሌላው መንገድ በዓይናችን ድክመት መጠቀም ነው። ዓይን ብርሃንና ጥላን ለይቶ ያያል፤ በቀለም ላይ ግን ያን ያህል ጎበዝ አይደለም። በጣም የረቀቀ ዝርዝርም ያመልጠዋል። ኮዴኩ ዓይን የማያስተውለውን እየለየ ይጥለዋል።

ለዚህ መለየት መሠረት የሆነውን ሒሳብ ያሰቡት ሕንድ የተወለዱት፣ አሜሪካ የሠሩት መሐንዲስ ናሲር አሕመድ ናቸው። በ1972 ሐሳባቸውን ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አቅርበው የምርምር ገንዘብ ተከለከሉ። በ1974 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በጽሑፍ አወጡት። ዛሬ ጄፔግ ፎቶውም፣ አብዛኛው የቪዲዮ ኮዴክም የዚያ ሒሳብ ዘር አለበት። በሚሊዮን ዶላር የሚካሰሱት ሰዎች ሁሉ የቆሙት ገንዘብ በተከለከለ ሐሳብ ላይ ነው። እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብልሃቶች ግን ባለቤት አላቸው። ቁራጩን በምን መጠን ልክፈለው? እንቅስቃሴውን በሩብ ነጥብ ደረጃ እንዴት ልተንብይ? በቁራጮቹ ድንበር ላይ የሚታየውን ሻካራ መስመር እንዴት ላለስልሰው? እያንዳንዱ መልስ ፓተንት ወጥቶበታል። ፓተንት ማለት ለተወሰነ ዘመን፣ በተለምዶ ማመልከቻው ከገባበት ጀምሮ ለ20 ዓመት፣ ሌላው ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት ነው።

አንድ ሰው ፓተንት ያለበትን ነገር ካልፈለገ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ቪዲዮ ላይ ግን ይህ አይሠራም። አይፎን የቀረጸውን ሳምሰንግ መክፈት አለበት፤ ሳምሰንግ የላከውን ቴሌቪዥኑ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ስታንዳርድ መስማማት ግድ ነው። ስታንዳርዶቹን የሚያወጡት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና ዓለም አቀፎቹ የደረጃ ድርጅቶች በጋራ ነው። ኤች.264 በ2003 ወጣ። ኤች.265 በ2013፣ ኤች.266 ደግሞ በ2020 ተከተሉ። አዲሱ ሲመጣ በተመሳሳይ ጥራት የፋይሉን መጠን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አይፎኖች ከ2017 ጀምሮ የሚቀርጹት በኤች.265 ነው። ዶላር የሚያስጠይቀውም እሱ ነው።

የአዲስ አበባ–አዳማን ፈጣን መንገድ አስቡ። ስትገቡ ካርድ ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ አንዴ ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። መንገዱ በብዙ መቶ ቁራጭ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ ባለቤት ቢኖረውስ? ሁሉም በየድንበሩ የራሱን ኬላ ቢተክልስ? ስታንዳርድ ማለት እንዲህ ያለ መንገድ ነው። ይህን ለማስቀረት ባለቤቶቹ ተሰብስበው በአንድ ኬላ ያስከፍላሉ፤ የተሰበሰበውንም ይካፈላሉ። ይህ የፓተንት ጥምረት ይባላል። በተጨማሪ ፓተንታቸው ስታንዳርዱ ውስጥ የገባ ኩባንያዎች አንድ ቃል ይገባሉ፤ ፈቃዱን ለጠየቀ ሁሉ ፍትሐዊ፣ ምክንያታዊና አድልዎ በሌለበት ዋጋ እንሰጣለን ይላሉ።

ጥሩ ቃል ነው። ግን ምክንያታዊ ዋጋ ስንት ነው? ማን ይወስነዋል? ደግሞስ አንዱ ባለቤት ፓተንት እንዳለው ደብቆ፣ መንገዱ ካለቀ በኋላ ብቅ ቢልስ?

ይህ የመጨረሻው በእውነት ሆኗል። በ2005 ኳልኮም የተባለው የአሜሪካ ቺፕ ኩባንያ ተፎካካሪውን ብሮድኮምን ሳን ዲዬጎ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኤች.264ን የሚያከብሩ ቺፖችህ ሁለት ፓተንቶቼን ይጥሳሉ አለ። ብሮድኮም መለሰ፤ ስታንዳርዱ ሲሠራ አብረህ ተቀምጠህ ነበር፣ ያኔ ለምን አልተናገርክም? ኳልኮም አልነበርኩም አለ። ስታንዳርዱ እስኪጸድቅ ድረስ በኮሚቴው አልተሳተፍኩም ብሎ በሰነድም በቃልም ካደ። ያለውን ማስረጃ ሁሉ እንዲያቀርብ ሲጠየቅም ምንም የለኝም አለ።

ችሎቱ በጥር 2007 ሊያልቅ ሲል አንዲት የኳልኮም ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ቀረበባቸው። ከኮሚቴው ኢሜይሎች ደርሰዋቸው እንደነበር አመኑ። መጀመሪያ የወጡት 21 ኢሜይሎች ነበሩ። የኳልኮም ጠበቆች ያውቋቸው ነበር፤ ጉዳዩን አይመለከቱም ብለው ነው ያላቀረቧቸው። በኋላ ሲቆፈር ከ46,000 በላይ ሰነድ ወጣ። "ምንም የለኝም" የተባለው ይህን ያህል ነበር።

ውጤቱ ከበድ ያለ ነው። ዳኛው ኳልኮም በነዚያ ፓተንቶች መክሰስ አይችልም ብለው ወሰኑ። ይግባኝ ሰሚው በ2008 ውሳኔውን አጸና፤ ክልከላውን ግን ኤች.264ን ለሚጠቀሙ ምርቶች ብቻ አደረገው። የተቃራኒውን ወገን ወጪ ከ8.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍልም ኳልኮም ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ስታንዳርድ ሲሠራ ዝም ብሎ ተቀምጦ በኋላ ሒሳብ መላክ አደገኛ መሆኑን ሁሉም ተረዳ።

የዋጋው ጥያቄ ደግሞ በሲያትል መጣ። በ2010 ሞቶሮላ ለማይክሮሶፍት ደብዳቤ ጻፈ። ኤች.264 ላይ ላሉት ፓተንቶቼ ከእያንዳንዱ ምርት የመሸጫ ዋጋ 2.25 በመቶ ክፈለኝ አለ። በ200 ዶላር የሚሸጥ አንድ የጌም ማሽን ብንወስድ 4.50 ዶላር ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የአንዱ ባለፓተንት ድርሻ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ እንዲህ ቢጠይቁ ክፍያው የማሽኑን ዋጋ በልቶ ይጨርሳል። ማይክሮሶፍት ይህ ምክንያታዊ ዋጋ አይደለም፣ ቃልህን አፍርሰሃል ብሎ ከሰሰ።

ዳኛ ጄምስ ሮባርት በ2013 የሰጡት ውሳኔ ዋጋውን ከሥሩ ለማስላት የሞከረ ነው። የሞቶሮላ ፓተንቶች በስታንዳርዱ ውስጥ ያላቸው ጥቅም ምን ያህል ነው? ማይክሮሶፍትስ ምርቱ ውስጥ ምን ያህል ይጠቀምባቸዋል? የወጣው ቁጥር 0.555 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ዶላር አይደለም፤ ከአንድ ሳንቲም ግማሽ ትንሽ የሚበልጥ። ከ4.50 ዶላር ጋር ሲተያይ የተጠየቀው ከተወሰነው ከ800 እጥፍ ይበልጣል።

በመሃል የሆነ ነገር አለ፤ እኔ ከዋናው ፍርድ በላይ የማስታውሰው እሱን ነው። ሞቶሮላ ጀርመን ሄዶ ማንሃይም ላይ የማይክሮሶፍት ምርቶች እንዳይሸጡ የሚያግድ ውሳኔ አገኘ። የሲያትሉ ዳኛ እገዳውን እንዳያስፈጽም ሞቶሮላን ከለከሉት። ማይክሮሶፍት ግን እስከዚያ አልጠበቀም፤ የአውሮፓ ማከፋፈያ መጋዘኑን ነቅሎ ከጀርመን ወደ ኔዘርላንድስ አዛወረ። በኋላ ሞቶሮላ እንዲከፍል ከተፈረደበት 14.5 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዚህ መጋዘን ማዛወሪያ ነበር።

ጀርመን ለምን? እዚያ ፓተንት ተጥሷል ወይ የሚለውን አንድ ፍርድ ቤት ያያል። ፓተንቱ ራሱ ትክክል ነው ወይ የሚለው በሌላ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ያኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ የፓተንቱ እጣ ሳይለይ የሽያጭ እገዳ ሊመጣ ይችላል። በጀርመን ገበያ የታገደ ኩባንያ ደግሞ ለመደራደር ይቸኩላል። ከሳሾች ሙኒክና ማንሃይምን የሚወዱት ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያች 0.99 ዶላር። ኤች.264 በአብዛኛው በአንድ ኬላ ነው የሚሄደው። ኤምፔግ ኤልኤ የተባለ ድርጅት ይሰበስብ ነበር። በዓመት የመጀመሪያዎቹ 100,000 ምርቶች ነጻ ናቸው፤ ከዚያ በላይ በአንዱ 20 ሳንቲም፣ ብዛቱ ሲጨምር 10 ሳንቲም። በኢንተርኔት በነጻ ለሚታይ ቪዲዮ በ2010 ለሁልጊዜው ክፍያ እንደማይጠይቅ አስታወቀ። ኩባንያዎች ሒሳባቸውን አስቀድመው ማወቅ ቻሉ። ኤች.264 ዓለምን የሞላው በቴክኒኩ ጥራት ብቻ ሳይሆን በዚህም ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤች.265 ላይ ይህ ፈረሰ። ኤምፔግ ኤልኤ በ2014 አንድ ጥምረት ከፈተ። በ2015 ሌላ ጥምረት ተነስቶ የራሱን ዋጋ አወጣ። ይባስ ብሎ ከመሣሪያ ሻጭ አልፎ ቪዲዮ ከሚያሰራጩት ላይም ከገቢያቸው 0.5 በመቶ እፈልጋለሁ አለ። ጩኸት በዛና በዚያው ዓመት መጨረሻ አሻሻለው። በ2017 ሦስተኛ ጥምረት መጣ። የትኛውም ጥምረት ውስጥ ያልገቡ ባለፓተንቶችም ነበሩ። ሦስት ኬላ፣ ከኬላው ውጪ ደግሞ መንገድ ዳር የቆሙ። ምርት የሚያመርት ሰው ጠቅላላ ሒሳቡ ስንት እንደሆነ የሚነግረው አልነበረም። የኔ አቋም እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁ ጉዳት የዋጋው መወደድ አይደለም፣ ዋጋው አለመታወቁ ነው። ውድ ነገር ተደራድረው ይገዙታል። ስንት እንደሚያስወጣ የማይታወቅ ነገርን ግን ሰው ይሸሸዋል።

ሸሹትም። በ2015 ጉግል፣ አማዞን፣ ኔትፍሊክስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ሞዚላ፣ ሲስኮና ኢንቴል ተሰባስበው ክፍያ የሌለበት ኮዴክ እንሠራለን አሉ። ኤቪ1 በ2018 ወጣ። አፕልም ተቀላቀለ። ዘዴያቸው ብልህ ነው። አባላቱ ፓተንታቸውን በነጻ ይሰጣሉ፤ በኤቪ1 ምክንያት ሌላውን የሚከስ ግን የተሰጠውን ፈቃድ ያጣል። ዩቲዩብ ዛሬ ብዙ ቪዲዮ በኤቪ1 ይልካል። ስልኩ ኤቪ1ን የሚፈታ ቺፕ ከሌለው ሥራውን በፕሮሰሰሩ ይሠራዋል፤ ባትሪ ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነጻ የተባለውም ሙሉ በሙሉ ሰላም አላገኘም። ሲስቬል የተባለ ድርጅት በ2020 ኤቪ1ን የሚመለከቱ ፓተንቶች ሰብስቤአለሁ ብሎ ስክሪን ላለው መሣሪያ 0.32 ዩሮ ጠየቀ። ነጻ ብለው ያወጡት ወገኖች አይስማሙም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጠቡ ከመሣሪያ ሻጮች ወደ ቪዲዮ አሰራጮቹ ዞሯል። ባለፓተንቶቹ የሚሉት ይህ ነው፤ ቴሌቪዥን አምራቹ ሳንቲም ሲከፍል በኮዴኩ ትልቁን ገንዘብ የሚያተርፈው ቪዲዮውን የሚያሰራጨው ነው። አሰራጮቹ ደግሞ ለዚያው ቪዲዮ ቴሌቪዥኑ ከፍሏል፣ ሁለቴ አታስከፍሉን ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው ባይ ነኝ። ብሮድኮም ኔትፍሊክስን በ2020 ካሊፎርኒያ ከሰሰ። በ2023 ሙኒክ ላይ ከኤች.265 ጋር በተያያዘ ፓተንት ረታው። ኔትፍሊክስ እገዳውን አላከበረም ተብሎም በ2024 7.05 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። ኖኪያ በ2023 አማዞንን በብዙ አገር ከሰሰ፤ በ2025 ተስማሙ። (ከኳልኮም ጋር ሲካሰስ የስታንዳርዱ ተከላካይ የነበረው ብሮድኮም አሁን ከሳሽ መሆኑን አይታችኋል? በዚህ ሠፈር ወንበር መቀያየር የተለመደ ነው።)

ይህ ሁሉ ሐዋሳ ምን አገባው? ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። የአሜሪካ ፓተንት እዚህ በራሱ አያስከስስም። የኛው የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምና የሒሳብ ዘዴ ፓተንት እንደማይሰጣቸው ይደነግጋል። ለሚሰጣቸው ፈጠራዎች ደግሞ ዘመኑ 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመራል። ቪኤልሲም ሁሉን በነጻ የሚከፍተው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የሚሠራው ፈረንሳይ ተቀምጦ ነው፤ አዘጋጆቹ የአገራችን ሕግ ለሶፍትዌር ፓተንት ዕውቅና አይሰጥም ይላሉ።

የካሜራችሁን መመሪያ መጨረሻ ገጽ ግን አንዴ አንብቡት። ብዙዎቹ ላይ የኤች.264 ፈቃዱ ለግልና ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ነው የሚል አለ፤ ውድ የባለሙያ ካሜራ ላይ ሳይቀር። የኤምፔግ ኤልኤ ውል ነጠላ ሆኖ ለሚሸጥ ቪዲዮም ዋጋ ነበረው። 12 ደቂቃና ከዚያ በታች ከሆነ ነጻ ነው። ከበለጠ የሽያጩ 2 በመቶ ወይም 2 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ከሁለቱ ያነሰው። የኛ ሰርግ ደግሞ በ12 ደቂቃ ውስጥ ገና ሙሽራው ከቤቱ አልወጣም። ግን አትደንግጡ። ጥምረቶቹ የሚያነጋግሩት ትላልቅ ኩባንያዎችን ነው፤ የሰርግ ቀራጭ በር አያንኳኩም።

እኛ የምንከፍለው በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ነው። ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ላፕቶፑ ላይ ጥቂት ሳንቲሞች አሉበት። አንዳንዴ ደግሞ ባለመክፈል ይመጣብናል። በ2025 ኤችፒና ዴል በአንዳንድ የቢሮ ላፕቶፖቻቸው ላይ ኤች.265ን የሚፈታውን የቺፕ ክፍል ዘግተው እየሸጡ መሆኑ ታወቀ። ቺፑ ይችላል፤ ኩባንያው ግን ዘግቶታል። ስለዚህ ለኤዲት ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ፣ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳም ግዙ ከአዲስ አበባም አስመጡ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ በአይፎን የተቀረጸ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ኤዲት በምታደርጉበት ሶፍትዌር ክፈቱት። ቪኤልሲ ላይ መከፈቱ አይበቃም፤ ቺፑ ቢዘጋም በፕሮሰሰሩ ይከፍተዋል። ለደንበኛ ስታስረክቡ ደግሞ በኤች.264 ኤክስፖርት አድርጉ። ፋይሉ ይከብዳል፤ ግን የሙሽራዋ አያት ቤት ያለ አሮጌ ቴሌቪዥንም ይከፍተዋል። ስታንዳርዱ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ስለሆነው የቀደሙት ፓተንቶቹ ዘመናቸው እያለቀ ነው። ዋናውን ፋይል ግን በኤች.265 እንዳለ አስቀምጡት፤ ቦታ ይቆጥባል።